እንከንን የመንቀል ጥማት፦ ከሆቶርን ልብ ወለድ እስከ ሀብሩ ማሳ

ሳይንስ የሰውን ልጅ ከረሃብና ከበሽታ ለማላቀቅ የሚተጋ ጥበብ ነው። ትጋቱ ወሰን ሲያጣ ግን ምን ይከተላል? አሜሪካዊው ደራሲ ናትናኤል ሆቶርን እ.ኤ.አ. በ1843 በታተመው «የልደት ምልክት» በተሰኘው አጭር ልብ ወለዱ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቷል። ኤይልመር የተባለ ሊቅ በሚስቱ በጆርጂያና ጉንጭ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት እንደ ነውር ይቆጥራል፤ በአገራችን ቢሆን «ማርያም የሳመቻት» ትባል ነበር። ሚስትየውም በባሏ ጥላቻ ተጨንቃ ትፈቅድለታለች። በቤተ ሙከራው የቀመመውን ስትጠጣ ምልክቷ ትጠፋለች፤ ሕይወቷም አብራ ታልፋለች።

አንዳንዶች ይህን ታሪክ ሃይማኖት በሳይንስ ላይ ያቀረበው ክስ አድርገው ያነቡታል። እኔ ግን አልስማማም። ከሆቶርን ቅድመ አያቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1692 በሴለም በጥንቆላ የተከሰሱትን ከመረመሩት ዳኞች መካከል ነበር። ደራሲው በንጽሕና ስም የሚፈጸም ግፍ በጸሎት ቤትም በቤተ ሙከራም ሊበቅል እንደሚችል ያውቃል። የኤይልመር ኃጢአት ማወቅ መመኘቱ አይደለም፤ ከባልንጀራው ይልቅ ፍጹምነትን መውደዱ ነው። ይህ ሚዛን ደግሞ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እንግዳ አይደለም።

ጉዳዩ ከመርሳም አይርቅም። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው በዚሁ በሀብሩ ወረዳ ሲሆን፣ ከሚመራመርባቸው ሰብሎች አንዱ ማሽላ ነው። የማሽላን ሥር ተጣብቆ ምግቡንና ውኃውን የሚመጠው አቀንጭራ ስንቱን ማሳ አራቁቷል! ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ይህን ጥገኛ አረምና ድርቅን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማበልጸጋቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። እንዲህ ያለው ምኞት የተቀደሰ ነው።

ሆኖም የአገሬው ማሽላ ቁመቱ መርዘሙና ዘግይቶ መድረሱ ለተመራማሪው እንከን ሊመስል ይችላል። ለገበሬው ግን ረጅሙ አገዳ የከብቱ መኖ፣ የምድጃው ማገዶ፣ የአጥሩ መሥሪያ ነው። ፈጥኖ የሚደርስ አጭር ዝርያ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ነፍስ ያድናል፤ አገዳው ሲያንስ ግን በሬው ይራባል። እንከን ያልነው ነገር እንደ ጆርጂያና ምልክት ከኑሮ ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ ዝርያ ሲመረጥ ገበሬው አገዳውን፣ ባለቤቱም እንጀራውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊመዝኑ ይገባል፤ በመጨረሻ ላይ «ተቀበሉ» ማለት በቂ አይደለም።

በሆቶርን ታሪክ ውስጥ፣ ሚስቴ ብትሆን ምልክቷን አልነካባትም ያለው ያልተማረው ረዳት አሚናዳብ ነበር። ሊቁ አልሰማውም። የነገ ተመራማሪ የሆናችሁ ተማሪዎች ሆይ፣ «ይህን ማድረግ ይቻላል ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ከምን ጋር የተሳሰረ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በማሳው ላይ ከሚውለው ሰው ስሙ።