ላጋሽና ሦስቱ ገዥዎቿ

የጥንት ነገሥታት ብዙውን ጊዜ የሚታወሱት በድላቸውና በሕንፃቸው ነው። በላጋሽ ግን ከተማው የተደመሰሰችበት አንድ ገዥ ከሁሉ የሚበልጥ ቃል ትቶ አልፏል፤ ታሪኩንም በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ላጋሽ በዛሬዪቱ ኢራቅ ደቡብ፣ በሱመር ምድር የነበረች፣ በራሷ ገዥ የምትተዳደር ከተማ ናት። ፈረንሳዊው ኤርነስት ደ ሳርዜክ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1877 ከግዛቷ አንዷን ከተማ ጊርሱን ማስቈፈር ከጀመረ ወዲህ፣ በጭቃና በድንጋይ ላይ የተጻፈው ታሪኳ ተገልጧል።

ከጌታችን ልደት በፊት በ2450 ዓመት ግድም የነገሠው ኤአናቱም፣ ስለ እርሻ ድንበርና ስለ መስኖ ውሃ ከጎረቤቱ ከኡማ ጋር ተዋግቶ ድል ነሣ። ባስቀረጸው ሐውልት ላይ ጥንብ አንሣዎች የጠላቶቹን ራስ ነጥቀው ሲበሩ ይታያል፤ የሐውልቱም ስባሪ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል።

አንድ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ ዑሩካጊና ነገሠ። በዚያን ጊዜ ሹማምንቱ ሕዝቡን ይመዘብሩት ነበር። ሰው የሞተበት ቤተ ሰብ ሬሳውን ለማስቀበር 7 እንስራ የገብስ ጠላና 420 ዳቦ ይከፍል ነበር፤ ካህኑም ወደ ድኻይቱ እናት አትክልት ገብቶ ፍሬዋን ይለቅም ነበር። ዑሩካጊና ግን የቀብሩን ክፍያ ወደ 3 እንስራና ወደ 80 ዳቦ አወረደው፤ ካህኑን ከድኻይቱ አትክልት ከለከለው። ባለሥልጣን የድኻውን ቤት ሊገዛ ቢወድ ባለቤቱን የሚያስደስት ዋጋ በብር እንዲከፍል፣ አልሸጥም ቢለውም ተቈጥቶ እንዳይመታው አዘዘ። የከተማይቱ አምላክ ተብሎ ይመለክ በነበረው በኒንጊርሱም ፊት፣ መበለትንና የሙት ልጅን ለኀይለኛ አሳልፎ እንዳይሰጥ ቃል ኪዳን ገባ።

ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የኡማ ገዥ ሉጋልዛጌሲ መጥቶ ከተማይቱን ዘረፈ፣ ቤተ ጣዖቶቿንም አቃጠለ። አንድ የላጋሽ ጸሓፊ በጭቃ ጽላት ላይ ጥፋቱን ሁሉ ከቈጠረ በኋላ፣ በደሉ የዑሩካጊና እንዳልሆነና የሉጋልዛጌሲን ኀጢአት የገዛ አምላኩ በአንገቷ እንድትሸከመው ጻፈ። ሉጋልዛጌሲም በአካድ ንጉሥ በሳርጎን ተማርኮ፣ አንገቱ በግንድ ታስሮ ወደ ኒፑር በር ተወሰደ።

ከ200 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ በ2120 ዓመት ግድም፣ ጉዴአ የሚባል ገዥ በላጋሽ ተነሣ። ለኒንጊርሱ ታላቅ ቤተ ጣዖት ሠርቶ፣ ንድፉን በጉልበቱ ላይ እንደ ዘረጋ ምስሉን ከጥቁር ድንጋይ አስቀረጸ። በዚያው ምስል ላይ የሙት ልጅን ለባለጠጋ፣ መበለትንም ለኀይለኛ አሳልፎ እንዳልሰጠ ተጽፎ ይነበባል።

እንግዲህ የዑሩካጊና ዙፋን ቢወድቅም፣ የፍርድ ቃሉ በሌላ ገዥ አንደበት ተመልሶ ተሰማ። ሉጋልዛጌሲ ከተማይቱን አቃጠለ እንጂ ያን ቃል ሊያቃጥለው አልቻለም።