የባቲን ቅኝት ማን ሸጠው? ማንስ በላው?

ሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ ደርሶ የማያውቅ ሰው እንኳ አራቱን ቅኝቶች በጣቱ ይቆጥራቸዋል፤ ትዝታ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ ባቲ። ባቲ ግን ቅኝት ብቻ አይደለችም፤ አገር ናት። ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገበያዩባት፣ መቀመጫው ከሚሴ በሆነው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ያለች ከተማ። ስሟ በፈረንጅ መድረክ ሁሉ ይጠራል። ለመሆኑ ከባቲ እስከ ጨፋ ሸለቆ ድረስ፣ ስሙ አዲስ አበባ የሚሰማ አንድ የሙዚቃ አሳታሚ ቤት የታለ?

ይህንኑ ጥያቄ ከሚሴ ላይ ለአንድ ሹም አንስቼለት ነበር። «መጀመሪያ መመሪያው ይውረድ» አለኝ። ከየት ነው የሚወርደው? ከሰማይ? ዘፈን በመመሪያ የሚወለድ ቢሆን ኖሮ ይህች አገር እስካሁን አንድ ሸክላ ባልኖራት ነበር!

ታሪኩ ይኸውላችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በጃንሆይ ዘመን ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት በንጉሥ ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ማኅበሩ መብቱን ታቅፎ ተቀመጠ። እንደ እንቁላል ታቅፎት ቢሆን እንኳ ይፈለፈል ነበር! ጥላሁንን፣ ዓለማየሁን የሚያሳብድ ከተማ በየሌሊቱ እየጨፈረ፣ ያን ድምፅ በሸክላ የሚያወጣለት አጣ። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የሙዚቃ ሱቅ ባለቤት ተነሣና የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀድቶ ሸክላ አሳተመ። ፈቃድ? አልጠየቀም። ቢከሱኝ ይክሰሱኝ ብሎ ገባበት።

ማተሚያው እዚህ አልነበረም። የተቀዳው ቴፕ መጀመሪያ ወደ ሕንድ፣ ኋላም ወደ ሊባኖስ እየተላከ ነው ሸክላ ሆኖ የሚመለሰው። እንዲህ እየሆነ እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሪከርድስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ማንም በጀት አልመደበለትም። መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ሌሎችም ተከተሉ፤ አሊ ታንጎ በካይፋ ሪከርድስ የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» ያወጣው በ1975 ነው። ሞኖፖሉን ያፈረሰው አዋጅ ሳይሆን አንድ ደፋር ነጋዴ ነበር።

ከዚያስ? ደርግ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሌሊቱ ሞተ። አምሃ በ1975 አገር ጥሎ አሜሪካ ገባ። ንጉሡ ያልዘጉበትን ሱቅ አብዮቱ ዘጋበት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዘመኑ የካሴት ሆነ፤ ካሴት ደግሞ ለሌባ እንደሚመች የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። በ1997 ፓሪስ ላይ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ሲጀመር፣ አዘጋጁ ፍራንሲስ ፋልሴቶ አምሃን ፈልጎ አግኝቶ ከእሱ ጋር ተስማምቶ ነው ሸክላዎቹን ዳግም ያወጣው። ለምን? ሸክላው መሐል ላይ የአሳታሚው ስም ተጽፏል፤ የዘፋኙም ተጽፏል። ባለቤት ያለው ዕቃ ነው። ሃያ ዓመት በላይ ቢያልፍም ባለቤቱን መፈለግ ግድ ሆነ። (ዘፋኞቹ ተገቢ ድርሻቸውን አገኙ ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።)

የጨፋውን ዘፋኝ ግን ማን ይፈልገዋል? ቦርከና ዳር በሠርግ የሚዘፍነውን፣ በድቤ መንዙማ የሚያወርደውን? አንዱ በስልኩ ይቀዳዋል፣ ሌላው ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል፣ ሦስተኛው ዜማውን አዲስ አበባ ወስዶ በኪቦርድ አሻሽሎ «የሕዝብ ዜማ» ብሎ ይጽፍበታል። የሕዝብ! ሕዝቡ ታዲያ ስንት ደረሰው? ነገሩ ላሚቱን ሌላ እያለበ፣ ባለቤቱ አጓት እንደ መጠየቅ ነው።

«ሕግ አለ» የሚሉኝ አይጠፉም። አዎ፣ አለ። በእኛው አቆጣጠር በ1996 የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የከዋኙንም የድምፅ ሪከርዲንግ አሳታሚውንም መብት ያውቃል፤ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ግን ሕግ የሚሠራው ማን ዘፈነ፣ ማን ቀዳ፣ መቼ ተፈራረሙ የሚለው ወረቀት ሲኖር ነው። ያንን ወረቀት የሚያበጀው አሳታሚ ቤት ነው። የአሳታሚ ቤት ትልቁ ሥራ ማይክ መደቀን እንዳይመስላችሁ፤ ውል መጻፍና ስም መለጠፍ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ የሚቀዳ የወሎ ልጅ ቢያልፍለት አንድ ሰው ነው ያለፈለት፤ ውሉም፣ ቅጂውም እዚያው አዲስ አበባ ይቀራል።

ደግሞ ዛሬ ምን ይከለክላል? ቴፕ ጭኖ ቤይሩት መላክ የለም። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ደህና ማይክ፣ ድምፅ የማያስተጋባ ክፍል ይበቃል። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ነጋዴ አልጎደላትም። ጫት ላይ፣ ከብት ላይ ብር የሚያውል ሰው ድምፅ ላይ የማያውለው ጅል ሆኖ አይደለም። ነገ ሹሙ «ይህ ዘፈን በየትኛው ቋንቋ ነው? ምን ለማለት ነው? ማን ፈቀደልህ?» ብሎ እንደሚመጣበት ስለሚያውቅ ነው። ኦሮምኛ ቢዘፍን አንዱ ይጠረጥረዋል፣ አማርኛ ቢዘፍን ሌላው።

ስለዚህ የከሚሴ ሹማምንት ሆይ፣ ስቱዲዮ ሥሩልን አላልናችሁም። የኪነት ቡድን አቋቁሙልን፣ ዩኒፎርም አልብሱን፣ ለበዓል አሰልፉን አላልንም፤ እሱንማ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ጠግበነዋል። ንግድ ፈቃድ ሊያወጣ የመጣውን ልጅ በሩ ላይ አታስቁሙት፤ የሚያትመውን ግጥም ላሳየኝ አትበሉት።