ስለ ግቢ የጋዝ ምድጃና በእርሱ ላይ ስለሚበስል ምግብ

በአሜሪካ አገር፣ ይልቁንም በዋሽንግተን ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሚኖሩ ወገኖቻችን ጓሮ፣ በድንጋይ ወይም በብረት ተከብቦ የሚነድ የጋዝ እሳት ማየት እየተለመደ መጥቷል። እንጨት መፍለጥ፣ ዐመድ መጥረግ፣ በጢስ ዐይንን ማስለቀስ የለበትም፤ ቁልፉን ሲያዞሩት ይነዳል፣ መልሰው ሲያዞሩት ይጠፋል። የትንሣኤ በዓል በሚውልበት ወራት ሌሊቱ ገና ብርድ ስለሆነ፣ ቤተ ሰቡ ከቅዳሴ ተመልሶ በዙሪያው ሲቀመጥ ደስ ያሰኛል። ታዲያ የአገራችን ሰው በእሳት ዙሪያ ተቀምጦ እሳቱን እንዲሁ ሲመለከት አያድርም፤ ጥቂት ቈይቶ የሽቦ ፍርግርግ ይጋደምበታል፣ ሥጋው ይመጣል፣ ጀበናው ይከተላል። በዚህ ወር ዓምዳችን ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንነጋገርበት የወደድነው ይህ ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ይህ ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ለሙቀትና ለግቢ ጌጥ ነው እንጂ ለማብሰያ አለመሆኑ ነው። በአሜሪካና በካናዳ የጋዝ ዕቃዎች የሚመረመሩባቸው ደንቦች እንኳ ሁለቱን ለያይተው ያስቀምጧቸዋል፤ ለግቢ ጌጥ የሚሆነው የጋዝ ምድጃ የሚመረመረው በዜድ 21.97 ደንብ ሲሆን፣ ለማብሰያ የተሠራው የግቢ መጥበሻ ግን በዜድ 21.58 ነው። እንግዲህ የገዛችሁት ዕቃ ለማብሰል ጭምር የተፈቀደ መሆኑን መምሪያው በግልጽ ካልተናገረ፣ እንዳልተፈቀደ ቍጠሩት። መምሪያውን ሳያነቡ ከካርቶኑ ጋር መጣል በእኛ ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ይህን ማለታችን አይከፋችሁ።

ልዩነቱ ያለው በነበልባሉ ላይ ነው። በወጥ ቤት የጋዝ ምድጃ ጋዙ ከመንደዱ በፊት ከበቂ አየር ጋር ስለሚቀላቀል ነበልባሉ ሰማያዊና አጭር ነው፤ ይህም ንጹሕ እሳት ነው። የግቢው ምድጃ ግን የእንጨት እሳት መስሎ እንዲያምር ሲባል አየሩ ሆን ተብሎ ስለሚቀነስበት፣ ነበልባሉ ቢጫ፣ ረጅምና ተወዛዋዥ ይሆናል። ቢጫነቱ የሚመጣው በነበልባሉ ውስጥ ከሚግሉ፣ ቃጠሏቸው ካላለቀ ደቃቅ ብናኞች ነው፤ ብናኙም ድስት ሲያገኝ ጥላሸት ሆኖ ይለጠፋል፣ ሥጋ ሲያገኝ በሥጋው ላይ ያርፋል። በልጅነታችን ከእናቶቻችን ምድጃ አጠገብ ተቀምጠን የተማርነው ጥበብም እዚህ ላይ ሊያሳስተን ይችላል። በእንጨትና በከሰል ጊዜ ሥጋ የሚጠበሰው ነበልባሉ ሞቶ ፍሙ ሲቀር ነው፤ የፍም ሙቀት የተስተካከለ ነውና ሥጋውን እስከ ውስጡ ያደርሰዋል። የጋዝ ምድጃ ግን ፍም የለውም። በውስጡ የተደረደሩት ድንጋዮችና የሸክላ ግንዶች ፍም ቢመስሉም ዋና ሥራቸው ጌጥ መሆን ነው። ስለዚህ ነበልባሉ ሥጋውን ይልሰዋል፣ ውጩ ይጠቍራል፣ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ይቀራል፤ እንግዳውም የጠቈረውን አይቶ በስሏል ብሎ ይበላል።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ስቡ ነው። ለማብሰያ የተሠራ መጥበሻ የሚንጠባጠበውን ስብ የሚቀበል ሰሃን ከሥሩ አለው፤ የግቢው ምድጃ ይህ የለውም። የበግ ጎድን በፍርግርጉ ላይ ሲጋደም ስቡ ቀልጦ በድንጋዮቹ መካከል እየሾለከ ወደ ማቃጠያው ይወርዳል፤ ጋዙ የሚወጣባቸውንም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ያን ጊዜ እሳቱ በአንድ ወገን ደካማ፣ በሌላው ወገን ብርቱ ይሆናል፤ አልፎ አልፎም ባልታሰበ ቦታ ቦግ ይላል። በድንጋዩ ላይ የቀረው ስብም በዚያው ቀን ካልነደደ በሌላ ቀን፣ ልጆች እጃቸውን ሊያሞቁ በተጠጉበት ሰዓት ይነዳል። ስብ ሲቀጣጠል የሰው እጅ ፈጥኖ የሚዘረጋው ወደ ውኃ ነው። ይህ ግን ፈጽሞ መደረግ የለበትም፤ ውኃው ከጋለው ስብ ሥር ገብቶ በቅጽበት እንፋሎት ይሆንና የሚነደውን ስብ ወደ ሰው ፊት ይረጨዋል። መጀመሪያ ጋዙን መዝጋት፣ ቀጥሎ ደረቅ አሸዋ ወይም ቤኪንግ ሶዳ መበተን ነው። ስለ ድንጋዩም አንድ ቃል እንጨምር፤ ከወንዝ ወይም ከጓሮ የተለቀመ ድንጋይ በምድጃው ውስጥ አይጨመርም። በውስጡ የተቋጠረው እርጥበት ሲግል ድንጋዩን ያፈነዳዋል፣ ስባሪውም ዐይን ያጠፋል። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንኳ ዝናብ የመታው እንደሆነ፣ እሳቱ ከተለኰሰ በኋላ እስኪደርቅ ድረስ ራቅ ብሎ መቈየት ይገባል።

ታዲያ ምንም አይብሰልበት ማለታችን ነውን? መምሪያው የፈቀደ እንደሆነ፣ ለዚያው ምድጃ ተብሎ በተሠራ ጠንካራ ማስቀመጫ ላይ ወፍራም የብረት ድስት ወይም መጥበሻ አስቀምጦ ማብሰል ይቻላል። ጥብሱ በመጥበሻ ውስጥ ሲጠበስ ስቡም እዚያው ይቀራል፣ ጥላሸቱም ሥጋውን አይነካውም። በቤት ውስጥ የበሰለ ወጥ ማሞቅ፣ ድንች በአሉሚኒየም ወረቀት ጠቅልሎ ማብሰል፣ በቆሎ እሸትን ከነልብሱ መጥበስም ይቻላል። እንዲያውም የጾም ምግብ ለዚህ ምድጃ ይስማማዋል፤ ምድጃውን የሚያበላሸው ፍስኩ ነው። ጀበናውን ግን ለለመደው ማንደጃ ተዉለት፤ ሸክላ በአንድ ወገኑ ብቻ ብርቱ ነበልባል ሲያገኘው ይሰነጠቃልና።

የሥጋ መብሰል በዐይን አይለካም። በሥጋው መካከል የሚሰካ ትንሽ ቴርሞሜትር በጥቂት ብር ይገዛል። ሙሉ ብልት የሆነ የበሬ፣ የበግ ወይም የፍየል ሥጋ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ 3 ደቂቃ ሊያርፍ ይገባዋል፤ የተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ፣ ዶሮ ደግሞ 74 ዲግሪ ሊደርስ ይገባል። የተፈጨው ከሙሉው የበለጠ ሙቀት የሚሻው፣ በሙሉው ሥጋ ገጽ ላይ የነበረው ተሐዋሲ ሲፈጭ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ነው። በጓሮ ቧንቧ ስለማይገኝ ጥሬው ሥጋ በመጣበት ሰሃን የበሰለውን መልሶ የማቅረብ ስሕተት በብዙ ግብዣ ይታያል፤ ሁለት ሰሃንና ሁለት መቈንጠጫ ይዞ መውጣት ምን ይከብዳል? ከማዕድ የተረፈውም ከ2 ሰዓት በላይ፣ ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ የሞቀ እንደሆነ ከ1 ሰዓት በላይ በውጭ አይደር።

አሁን ወደ ጋዙ እንመለስ። በሲሊንደር የሚሸጠው ፕሮፔን በተፈጥሮው ሽታ የለውም፤ የበሰበሰ እንቍላል የሚመስለው ሽታ ሰው እንዲነቃ ተብሎ የሚጨመርበት ነው። ይህም ልማድ ደንብ ሆኖ የተስፋፋው ብዙ ነፍስ ከጠፋ በኋላ ነው። በመጋቢት 1929 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1937) በቴክሳስ ግዛት በኒው ለንደን ከተማ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ወለል ሥር ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ጋዝ ሾልኮ ተጠራቅሞ ሳለ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ብልጭታ ተቀጣጠለ፤ ሕንጻው ፈርሶ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ቴክሳስ ጋዝ ሁሉ ሽታ እንዲጨመርበት በሕግ አዘዘ፣ ሌሎችም ተከተሉ። እንግዲህ ያ ክፉ ሽታ በአፍንጫችሁ ሲደርስ ለልጆቻችሁ የቆመ ዘበኛ መሆኑን ዐውቃችሁ፣ «ትንሽ ነው፣ ያልፋል» አትበሉ።

በቧንቧ ወደ ቤት የሚገባው የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር ስለሚቀልል ወደ ላይ ይወጣል። ፕሮፔን ግን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ በጕድጓድ፣ በደረጃ ሥር፣ በምድር ቤት ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደር በምድር ቤት ወይም በጋራዥ አይቀመጥም። በአዲስ አበባ በወጥ ቤታቸው ሲሊንደር የሚያኖሩ አንባቢዎቻችንም የማብሰያው ጋዝ እንዲሁ ከአየር የሚከብድ መሆኑን ያስተውሉ፤ ሽታው ከተሰማ መብራት ማብራትም ማጥፋትም ሳይነኩ፣ በርና መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው። ጋዝ መሹለኩን ለማወቅ ክብሪት መጫር የሚገርም ድፍረት ነው፤ የሳሙና ውኃ በጎማውና በመጋጠሚያው ላይ ቢቀቡ፣ የሚሾልክ እንደሆነ አረፋው እያበጠ ይናገራል። ሲለኵሱም እሳቱን አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ጋዙን ቀጥሎ መክፈት ነው። በጥቂት ሴኮንድ ካልተቀጣጠለ ዘግቶ 5 ደቂቃ መታገሥ ይገባል፤ ተከፍቶ የቈየ ጋዝ ሲለኰስ ቅንድብ ብቻ አይደለም የሚወስደው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ዝናቡ ነው። ግብዣው ተጀምሮ ሳለ ዝናብ ሲመጣ፣ ምድጃውን ወደ ጋራዥ አስገብቶ በሩን ከፍቶ መቀጠል ለብዙ ሰው ጥሩ ብልሃት ይመስለዋል። ቀደም ብለን የተናገርነው ቢጫ ነበልባል ጥላሸትን ብቻ ሳይሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዛም አየርም ይሰጣል። ይህ አየር ሽታም መልክም የለውም፤ ከደም ጋርም ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኀይል ይጣበቃል። የበሩ መከፈት አይበቃም። በአገራችን በብርድ ሌሊት ከሰል በተዘጋ ክፍል አስገብተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የሚቀሩት በዚሁ መርዝ ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም ነው። አስተውሉ፤ ዐርብንና ቅዳሜን አክፍሎ ሌሊቱን በእግሩ ቆሞ ያደረ ምእመንም ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል። በትንሣኤ ሌሊት «ጾሙ ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው» ተብሎ ወደ መኝታ የሚሸኝ ሰው በመርዝ የተያዘ ሊሆን ይችላል። በአንድ ቤት ያሉ ሁለትና ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ካመማቸው፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጥቶ በአሜሪካ 911 መደወል ይገባል። የዚህን አየር መኖር በደወል የሚያስታውቅ መሣሪያ በመኝታ ቤት አጠገብ ማኖርም ብልህነት ነው። ዝናብ ከመጣ ግን እሳቱ ይጥፋ፣ ጥብሱ በወጥ ቤት ይለቅ።

ምድጃው ከግድግዳ፣ ከአጥርና ከዛፍ ቅርንጫፍ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። በአፓርታማ ሰገነት ላይ ማንደድ በብዙ ከተሞች የተከለከለ ስለሆነ ያንን አናወራም።

በበዓል ቀን ሁሉም የአገር ልብስ ለብሷል። ነጠላችን ስስ ጥጥ ነው፤ ጫፉ ከትከሻ ሲወድቅ ሳናየው ነበልባሉን ይነካል፣ ስስ ጥጥም እንደ ወረቀት ይነዳል። ለወጥ የሚጐነበሱት እናቶች ነጠላቸውን በወገባቸው አደግድገው ይታጠቁ፤ ልጆቹም ከምድጃው አንድ ሜትር ርቀው እንዲጫወቱ በመሬት ላይ መሥመር ይሠመርላቸው፣ የሚጠብቃቸውም አንድ ትልቅ ሰው በስም ይሰየም። «ሁላችንም እናያቸዋለን» ማለት ማንም አያያቸውም ማለት ነው። ልብስ ከተቀጣጠለ መሮጥ እሳቱን ያበረታዋል፤ መሬት ላይ ተጋድሞ መንከባለል ነው። የተቃጠለው ሰውነት በቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ 20 ደቂቃ ይፍሰስበት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቍላል መቀባቱን እንተወው፤ ሙቀቱን በሥጋ ውስጥ ከማፈንና ለሐኪሙ ሥራ ከማብዛት በቀር ጥቅም የላቸውም።

ሲያበቃም የሲሊንደሩ ቫልቭ አስቀድሞ ይዘጋ፣ በጎማው ውስጥ የቀረው ጋዝ ነዶ ይለቅ፣ ከዚያ የምድጃው ቁልፍ ይዘጋ። ድንጋዮቹ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ብዙ ሰዓት ሙቀታቸውን ይይዛሉና በዚያው ሌሊት መክደኛ አይደረግባቸው። በማግሥቱ ስብ የነካቸውን ድንጋዮች አውጥቶ መለወጥ ይገባል። ብርዱን ወራት ተከድኖ የከረመ ምድጃ ደግሞ በጸደይ ሲከፈት፣ ሸረሪት በጋዙ ቧንቧ ውስጥ ድር አድርታ ልትገኝ ትችላለች፤ ድሯም የጋዙን መንገድ ይዘጋል። ቧንቧውን በቀጭን ብሩሽ ጥረጉት፣ ጎማው ተሰነጣጥቆ እንደሆነ ተመልከቱ፣ የሳሙናውንም ውኃ እንደ አዲስ ቀቡት።