የበዛብህ ለቅሶ

«ያለቀስከው ለበዛብህ አይደለም፤ ለራስህ ነው» ይሉሃል። የተማረ ሰው አነጋገር ስለሚመስል ብዙዎች ሳይከራከሩ ይቀበሉታል። በዛብህ የሚሞትበት ልብ ወለድ ሰበብ ነው፤ አንባቢው አምቆት የኖረውን ሐዘን ያወጣበታል፤ አለቀ። ሐሳቡ ከለቅሶ ቤት የተቀዳ ይመስለኛል። እዚያማ አንዲት እናት የሟችን ስም እየጠራች የቀበረችውን ልጇን ስታለቅስ ማየት እንግዳ አይደለም።

ሰበብ ብቻ ቢሆን ግን የማንም ሞት በበቃን ነበር። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሚሞተው በዛብህ ብቻ አይደለም። ሌሎቹን ገጽ ገልጠን እናልፋቸዋለን፤ እሱ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን አጥፈን እንቀመጣለን። የራሳችን ሐዘን ከሆነ ገጽ የሚያማርጠው ለምንድን ነው? ሰው ቀብሮ የማያውቅ የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪስ የማንን ሐዘን ያወጣል?

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት በዚህ መጽሐፍ መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ ጽፈውታል። መቃብር እንዳለ ሳያውቅ የጀመረው አንባቢ የለም፤ ስለዚህ የሚያስለቅሰን ድንጋጤ አይደለም። ታሪኩንም ከበዛብህ መወለድ በፊት ነው የጀመሩት። አባቱ ቦጋለ መብራቱ ከውድነሽ በጣሙ ጋር እንዴት እንደተጋባ እናውቃለን። ልጁ ለቤተ ክርስቲያን በስለት መሰጠቱን እናውቃለን። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚጋጨው ከአባቷ ከፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ነፍስ ሳያውቅ ከተገባበት ቃል ጋር መሆኑም አይጠፋንም። ስለ የትኛው ጎረቤታችን ይህን ያህል እናውቃለን? እኔ የገዛ አጎቴ ለምን ሳያገባ እንደኖረ የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ሰብለ በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ በዛብህን ስታገኘው፣ ወንበዴዎች አቁስለውት ሊሞት ተቃርቧል። ይህን ያህል ያወቅነው ሰው ሲሞት ባናለቅስ ነበር የሚገርመው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኮሊን ራድፎርድ እ.ኤ.አ. በ1975 የልብ ወለዷን አና ካሬኒናን ጠቅሶ፣ እንደሌለች እያወቅን ለእሷ ማዘናችን እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው ብሎ ነበር። ይሁንለት። አያቴን አይቶ የማያውቅ ልጄም ታሪኳን ስነግረው ያለቅሳል፤ እሱ ዘንድ ያለችው በወሬ ብቻ ነው።

እንዲያውም ልድፈርና፣ ከእውነተኛው ለቅሶ ይልቅ የበዛብህ ለቅሶ የጠራ ነው እላለሁ። ለቅሶ ቤት ስንሄድ ይሉኝታ አለ፤ የእድር መቅጫ አለ፤ ነገ በእኛ ደጅ ማን ይቆማል የሚል ስጋት አለ። ለበዛብህ ያለቀሰ ሰው ብድሩን የሚመልስለት የለም። ማንም አላየውም፤ ቢያዩትም ይስቁበታል።

ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ የተረከውን ሁሉም ያስታውሳል። እኔ የማስታውሰው ግቢያችን ውስጥ የነበሩትን እትዬን ነው። ያን ቀን ቡና ያፈሉ ነበር። ትረካው የበዛብህ ሞት ላይ ሲደርስ ጀበናውን አስቀመጡና «ዝጋው ልጄ፣ አልችልም» አሉኝ። ተነስቼ እጄን ወደ ሬዲዮው ስሰድ፣ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ «ተወው፣ ተወው። ብቻውን አይሙት» አሉ።