ነጭ ቀለም ብቻውን እግረኛን አይጠብቅም

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2024 አገልግሎት መስጠት የጀመረው የሪያድ ሜትሮ በስድስት መስመሮችና በ85 ጣቢያዎች ከተማዋን ሲያገናኝ፣ ብዙም ያልተነገረለት አንድ ለውጥ አብሮ አምጥቷል፤ በመኪና የኖረችው ከተማ እግረኛ እየበዛባት ነው። ከባቡር የወረደ ሰው፣ ሹምም ይሁን የቀን ሠራተኛ፣ ካሰበበት ለመድረስ ጎዳና መሻገሩ አይቀርም። ስለዚህ የእግረኛ ማቋረጫዎችን እንደ አዲስ መሥራት በእርግጥ ሕይወት ያድናል ወይ የሚለው ጥያቄ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም።

የጸሐፊው መልስ አዎን ነው፤ ነገር ግን አዲሱ አሠራር የመኪናውን ፍጥነት የሚቀንስና እግረኛው ለአደጋ ተጋልጦ የሚጓዝበትን ርቀት የሚያሳጥር ሲሆን ብቻ ነው።

የሪያድ ጎዳናዎች ስፋት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ሥራውን የተረከበው ግሪካዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ኮንስታንቲኖስ ዶክሲያዲስ ከተማዋን ሁለት በሁለት ኪሎ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ከፍሎ፣ በየዳርቻቸው ሰፋፊ መንገዶችን ነደፈ። ለመኪና የተመቸው ይህ ስፋት ለእግረኛ ረጅም የስጋት ጉዞ ነው።

በእንዲህ ያለ ጎዳና ላይ ቀለም መቀባት ብቻውን ምን ይፈይዳል? በአሜሪካ 30 ከተሞች 1,000 የተቀቡና 1,000 ያልተቀቡ ማቋረጫዎችን ያነጻጸረ የመንግሥት ጥናት ያልተጠበቀ ውጤት አግኝቷል። መሐል አካፋይ በሌላቸው፣ ብዙ ረድፍ ባላቸውና በቀን ከ12,000 በላይ ተሽከርካሪ በሚያልፍባቸው መንገዶች ላይ፣ ቀለም ብቻ የተቀባው ማቋረጫ ካልተቀባው የባሰ አደጋ ይደርስበት ነበር። አንዱ መንገዱ እንዲህ ነው፦ በአንዱ ረድፍ ያለው ሹፌር ይቆማል፣ የቆመው መኪና እግረኛውን ይጋርዳል፣ በሁለተኛው ረድፍ የሚመጣው ሳያየው ይደርሳል። ዜብራውን ያመነ ሰው በዜብራው ላይ ይወድቃል።

ፍጥነትም የራሱ ሒሳብ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመኪና ፍጥነት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያድግ የተገጨ እግረኛ የመሞት ዕድሉ አራት እጥፍ ተኩል ይሆናል። መፍትሔው እዚህ ላይ ነው። ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ የተሠራ ማቋረጫ ሹፌሩን ወዶም ይሁን ሳይወድ ያዘገየዋል። በመሐል የተሠራ ደሴት ሰፊውን መንገድ ለሁለት ይከፍለዋል። የጠበበ ጥግ ወደ ቀኝ የሚታጠፈውን መኪና ያቀዘቅዛል። የአረንጓዴው መብራት ጊዜም በወጣት ሳይሆን በአዛውንትና ልጅ ባዘለች እናት እርምጃ ሊለካ ይገባል።

«ጥፋቱ የእግረኛው ነው» የሚሉ አሉ። በፈጣን መንገድ ላይ የሚሻገር እግረኛ ከ1,000 እስከ 2,000 ሪያል ይቀጣል፤ ሕጉም ተገቢ ነው። ወገኖቻችን ሊያከብሩት ይገባል። ነገር ግን ከ40 ዲግሪ በሚበልጥ የበጋ ሙቀት፣ ማቋረጫው ከሩቅ ቦታ ሲሆን ወይም የድልድዩ ደረጃ ሲበዛ፣ የደከመ ሰው አቋራጭ መፈለጉ አይቀርም። ቅጣት ውጤት የሚኖረው ሕጉን ለማክበር የሚያስችል ቅርብ መሻገሪያ ሲኖር ነው።

መንግሥቱ በዚህ ረገድ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው ቁጥር ከነዋሪው ብዛት አንጻር በ2016 ከነበረው በ2021 በእጅጉ ወርዷል። ቀጣዩ ሥራ የተቀቡ ማቋረጫዎችን መቁጠር ሳይሆን፣ በእያንዳንዱ ማቋረጫ ላይ ከሥራው በፊትና በኋላ የመኪናውን ፍጥነትና የተጎዳውን ሰው ቁጥር መለካት ነው።

ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማንሳት የኢማን ክፍል መሆኑን ለተማርን ሰዎች፣ በእግረኛ ፊት የሚከንፍ መኪና ከድንጋይና ከእሾህ የከፋ እንቅፋት ነው። በባጥሃና በመንፉሃ ጎዳናዎች ከሥራ ወደ ማደሪያው የሚያዘግመውን ወገን በሀገሩ የሚጠብቀው ቤተሰብ አለ። ማቋረጫው ሊያደርሰው እንጂ ሊያታልለው አይገባም።