«ከሙሉ ባንድ ጋር» ማለት ምን ማለት ነው?

ለመሆኑ የባንድ ችሎታ በምን ይለካል? «በስቱዲዮ ሥራው» የሚሉን ወረታ ይምጡና የፎገራን ሠርግ ይዩ። አዝማሪው «ተቀበል!» ተብሎ የተሰጠውን ግጥም እዚያው በማሲንቆው ካላዜመ ሽልማት የለም። ቆርጦ መቀጠል ብሎ ነገር የለም!

ከተማም ሕጉ ይኸው ነበር። ዋልያስ ባንድ በ1977 እ.ኤ.አ. «ቼ በለው»ን ያሳተመው በአዲስ አበባ ሒልተን መድረክ ሌት ሌት እየተጫወተ ነው።

ዛሬስ? ፖስተሩ «ከሙሉ ባንድ ጋር» ይላል፤ መድረክ ላይ ግን ፕሌይባክ! ድምፁ የማሽን፣ ጭብጨባው የኛ፣ ገንዘቡ የነሱ። ስቱዲዮ የድርሰትን ውበት ያሳይ ይሆናል፤ እሺ። የተጫዋችን አቅም ግን ይሸፍናል። ስለዚህ ፕሌይባክ ከሆነ ቲኬቱ ላይ ይጻፍልን!

መብራት ቢጠፋ የፎገራው አዝማሪ ዘፈኑን አያቋርጥም። እነሱስ?