ሐሰንን የማያውቅ ዳታቤዝ

ቦሩ ሜዳ ሲባል ታሪክ አንባቢው ዐፄ ዮሐንስ የጠሩትን የ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ያስታውሳል። ለዛሬው የወሎ ሰው ግን ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ የዓይን፣ የቆዳ፣ የሥጋ ደዌና መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ታካሚ ከሩቅ ወረዳ የሚመጣበት። እንዲህ ያለ ሕመም የወራት ክትትል ይፈልጋል። ክትትል ደግሞ የሚጀምረው ካርዱን ከማግኘት ነው።

አንድ ታካሚ መጀመሪያ «ሐሰን ዓሊ» ተብሎ በኮምፒውተር ተመዘገበ እንበል። በቀጠሮው ቀን ሌላ መዝጋቢ «ሀሰን አሊ» ብሎ ይፈልገዋል። ለጆሮ አንድ ስም ነው፤ ለማሽኑ ግን የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። አዲስ ካርድ ይወጣለታል፤ የቀድሞው የመድኃኒት ታሪክ እዚያው ተቀብሮ ይቀራል።

ይህን የሚፈታ መሣሪያ ከየት ይገኛል? የአገሪቱ የጤና መረጃ ከወዲሁ በኦፕን ሶርስ ላይ ቆሟል። ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ለሪፖርት የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ሲሆን፣ የሚሠራው በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ነው። የቦታ መረጃውን የሚይዝለት ፖስትጂአይኤስ የተባለው ተጨማሪ ደግሞ የፖስትግሬስ ቡድን ሥራ አይደለም፤ በ2001 እ.ኤ.አ. አንድ የካናዳ ኩባንያ ጀምሮ ለዓለም የለቀቀው ነው። ከዋናው ቡድን ውጭ የሚሠሩ መሣሪያዎች ቅንጦት አለመሆናቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ ችግሩ የመሣሪያ እጥረት አይደለም። ፒጂኤክስኤን በተባለው ማውጫ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጨማሪዎች አሉ፤ ሌሎቹ በጊትሃብ ተበትነዋል። ችግሩ ከዚያ ክምር ውስጥ ለእኛ ስም የሚሠራውን መለየት ነው።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ከፖስትግሬስ ጋር አብሮ የሚመጣውንና ለስም ፍለጋ የሚመከረውን ትሪግራም እንይ። ስሙን በሦስት በሦስት ፊደል ቆራርጦ ያነጻጽራል። «ሐሰን»ን ከ«ሀሰን» ሲያነጻጽር ከ7 ቁርጥራጮች የሚገጥመው 1 ብቻ ነው፤ ውጤቱ 0.14 ይሆናል። መሣሪያው በራሱ መነሻ «ይመሳሰላሉ» የሚለው ከ0.3 ጀምሮ ነው። በፊደላችን ስሞች አጫጭር ስለሆኑ አንድ ፊደል ሲለወጥ ስሙ ሁሉ ይፈርሳል።

አንአክሰንት የተባለው ሌላው መሣሪያ የተሠራው እንደ ፈረንሳይኛ ካሉ ቋንቋዎች ፊደላት ላይ ምልክት ለማንሳት ነው። ደንቡ ግን ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። «ሐንና ኀን እንደ ሀ፣ ሠን እንደ ሰ፣ ዐን እንደ አ፣ ፀን እንደ ጸ ቁጠር» የሚል፣ ከነርቢያቸው ወደ 40 መስመር ቢጻፍለት የእኛንም ሥራ ይሠራል። የተመዘገበው ስም አይነካም፤ ፍለጋው ብቻ ይስተካከላል።

ያገኙትን ሁሉ መጫንም አደጋ አለው። በ2024 እ.ኤ.አ. ኤክስዜድ በተባለ የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ ሰርጎ መግቢያ ተገኘ። የደረሰበት የፖስትግሬስ ገንቢው አንድሬስ ፍሮይንድ ሲሆን፣ መነሻው የግማሽ ሰከንድ መዘግየት ነበር። መሣሪያው ለረዥም ጊዜ በአመዛኙ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆየ ነበር። ስለዚህ ከመጫን በፊት ማን ይንከባከበዋል? መቼ ታደሰ? ፈቃዱ ምን ይላል? ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

«ታዲያ የተዘጋውን መግዛት አይሻልም?» የሚል ይኖራል። የተዘጋው ሐንና ሀን ካላስታረቀ ግን ከፍቶ የሚያስተካክለው የለም፤ ባለቤቱን ደጅ መጥናት ብቻ ነው።

ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ከዜሮ የሚጀምር ሌላ የመመረቂያ ሲስተም ከመጨመር፣ ተማሪዎቹ ያሉትን መሣሪያዎች በወሎ ስሞች ፈትነው ውጤቱን በአማርኛ ቢያወጡ፣ ያን የ40 መስመር ፋይልም ለሁሉም ቢለቁት ለአገር ይጠቅማሉ። ጤና ሚኒስቴርም እንዲህ ያለውን ዝርዝር ይዞ ለየሆስፒታሉ ባለሙያ ማድረስ አለበት። አለዚያ እያንዳንዱ ሆስፒታል ያንኑ ፍለጋ ለየብቻው ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ካርዱ የጠፋበት ታካሚ ነው።